እሜቴ፦ ከአያታችን የወረስነው

ቢስሚላህ። 

አያታችን ወደ አኼራ የሄዱት ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ሰፈሩ በስማቸው ቢያውቃቸውም እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን «እሜቴ» ከማለት ሌላ ስም ጠርተንላቸው አናውቅም። የዘንድሮን ረመዷን ያሳለፍነው እሳቸው በሌሉበት ነው። ደሴ በሚገኘው ቤታቸው ለኢፍጣር ስንሰበሰብ፣ መግሪብ ሰግደን ሾርባው እንደቀረበ፣ አንዳችን «እሜቴ እኮ…» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ይቀጥላል። አክስት ስትናገር አጎት ያርማል፣ አጎት ሲናገር ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። ወሩ ሲያልቅ፣ «ይህን ሁሉ ለብቻችን ይዘን ምን ይሠራልናል?» ተባባልንና እንጻፈው አልን።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ሰሓቦች በአጠገባቸው ስላለፈ ጀናዛ መልካም ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያ ሰው ጀነት እንደተገባው ተናገሩ፤ አማኞችም በምድር ላይ የአላህ ምስክሮች እንደሆኑ ገለጹ። እኛም የምንጽፈው ለምስክርነት ነው። እሜቴ መልአክ አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከትራስ ሥር ደብቀው «ዋጥኩት እኮ» ይሉን ነበር። አንድ ነገር ካሉ፣ አሉ ነው። ግን አላህ ካደላቸው መልካም ነገር እኛ በዓይናችን ያየነውን ብቻ እንመስክር።

ከትልቁ አጎታችን እንጀምር። እሱ የሚያስታውሳቸው በገበያ ነው። እሜቴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጡ ነበር፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል። መስፈሪያቸው ስኒ ነበረች። አጎታችን ልጅ ሳለ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲሰፍር፣ ጫፉን በጣቱ ጠረግ አድርጎ ለደንበኛው ያቀብላል። ሌሎቹ ነጋዴዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እሜቴ እጁን ያዙትና፣ «ሆድዬ፣ የኛን ስትቀበል ክምር፣ የሰውን ስትሰጥ ልክ? አላህ በዚህ ነገር ሱራ ያወረደበት መሆኑን ማን ይንገርህ?» አሉት። ሱረቱል ሙጠፊፊንን ማለታቸው ነበር። ቃል በቃል አያውቁትም፤ ግን የሰሙት ውስጣቸው ገብቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከስኒው በላይ አንድ ቆንጥር መጨመር የቤታችን ሕግ ሆነ። አጎታችን ዛሬ ራሱ ነጋዴ ነው። «ሚዛን ላይ ስቆም እጄ ላይ እጃቸውን አገኘዋለሁ» ይላል።

ሁለተኛዋ አክስታችን ስለ ደብተሩ ትናገራለች። እሜቴ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚባል አላዩም። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ የልጆች እናት ነበሩ። ቀን ገበያ ውለው፣ ማታ ልጅ አዝለው ይማሩ ነበር። ከዚያ በፊት ዕዳቸውን የሚያስታውሱት በመቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቋጠሮ። ፊደል ሲያውቁ ቋጠሮው ወደ ደብተር ተዛወረ። ሰማያዊ ልባስ ያላት ቀጭን ደብተር ናት። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው። በአንድ በኩል «ያለብኝ»፣ በሌላ በኩል «ያለኝ» ይላል። ገጹ ሲያልቅ አዲስ ደብተር ይገዛል፣ ያልተከፈለው ይገለበጣል።

እሳቸው የሞቱ ዕለት ከቀብር በኋላ አጎቶቻችን መጀመሪያ ያነሱት ያችን ደብተር ነው። «ያለብኝ» በሚለው በኩል ሁለት ስም ብቻ ተገኘ። አንዱ የወፍጮ ቤት ዕዳ ነው። ሁለተኛው ከጎረቤት የተበደሩት አንድ ጣሳ ጤፍ ነበር። ጎረቤታችን «እኔ ረስቼዋለሁ፣ ዓውፍ ብያለሁ» እያሉ ቢያለቅሱም አጎታችን ሰፍሮ ወሰደላቸው። በሐዲሥ እንደመጣው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሰው ላይ ሰላተል ጀናዛ ከመስገድ የተቆጠቡት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ ነው። እሜቴ ይህን ታሪክ ከመስጂድ ሰምተው ለኛ ደጋግመው ነግረውናል። «ያለኝ» በሚለው በኩል ግን ስሞቹ ብዙ ነበሩ። ከመጨረሻው ስም በታች በዚያው ዘመም ባለ ጽሑፍ «ላልቻለ ሐላል ነው» የሚል ሰፍሮ አገኘን። ማንንም አልጠየቅንም።

ከመካከላችን ትንሹ ደግሞ የራሱ ትዝታ አለው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ መድረሳ ገብቶ ተጅዊድ መማር ጀምሯል። ልጅ አይደል፣ እሜቴ ሲሰግዱ ፋቲሓን ጮክ ብለው ሲቀሩ ሰማና «እሜቴ፣ ተሳስተዋል!» አላቸው። ትልልቆቹ ልንቆጣው ስንል በእጃቸው ከለከሉን። «ተዉት። ስድሳ ዓመት የቀራሁትን ይህ ልጅ ካሳመረልኝ ከጀሊሉ የተላከልኝ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ ፊት ለፊቱ ይቀመጡ ነበር። እሱ «ዐይኑ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው» ይላቸዋል፤ እሳቸው ይሞክራሉ፤ አይመጣላቸውም፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ክፍያውም ነበረው፤ አንድ ቁራጭ ሸንኮራ። ፋቲሓን አስተካክለው ሲጨርሱ ኡስታዝ ተብሎ ጋቢ ተሸለመ። ዛሬ ወጣት ሆኗል፤ ቁርኣኑንም አላቋረጠም። «እሜቴ በሰገዱት ሰላት ውስጥ ድርሻ አለኝ ብዬ አስባለሁ» ሲለን የምንመልስለት ጠፋን። ጠቃሚ ዕውቀት ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው እንደማይቋረጥ እናውቃለን። እዚህ ቤት ግን ልጁ ያስተምራል፣ አያቲቱ ትሰግዳለች፤ ማን ለማን ሶደቃ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ስለ ጎረቤት ስናወራ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ሳናነሳ አናልፍም። የወሎን ነገር ለምታውቁት አዲስ አይሆንባችሁም። እሜቴ በቅሬያቸው ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ቅሬ እኛ ጋ የሌላው አገር ዕድር ማለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀብራል፣ አንድ ላይ ያስተዛዝናል። እሜቴ ለሰርግ የሚበደሩ ድስትና ሳህኖች ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። ለፋሲካ የተጠራን ዕለት ጎረቤቶቻችን በሙስሊም ያሳረዱትን በግ በተለየ ድስት ሠርተው ይጠብቁናል፤ ለዒድ ደግሞ እሜቴ ለነሱ እንዲሁ ያደርጋሉ። ማንም ሃይማኖቱን አላቀለለም፣ ማንም ጎረቤቱን አላራቀም። ትልቋ አክስታችን እንደምትለው እሜቴ ዒድ የሥራ ቀን የነበረበትን ዘመን ኖረዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ያ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ሲወጣ ወሬው ደሴ መድረሱን ያስታውሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዒድ በአገር ደረጃ በዓል ሆኖ ሲከበር፣ «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሳይቀሩ ዒድን ዋሉ» ብለው አልቅሰዋል። እኛ ዛሬ ዒድ ሲመጣ ስለ ልብስ እናስባለን፤ እሳቸው ያን ቀን ስላገኙበት መንገድ ያስቡ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ ወደፈለግነው እንምጣ። እሜቴ የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ ያጥቡ ነበር።

ስንት ሴት እንዳጠቡ ቆጥረው አያውቁም፤ እኛም አናውቅም። በሌሊት በር ሲንኳኳ ማን እንደሞተ ለመስማት እንነሳለን፤ እሳቸው ግን ውዱእ ለማድረግ ነው የሚነሱት። የታጠበች ነጠላ፣ ከነጭ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት፣ ውስጡ የተፈጨ የቁርቁራ ቅጠልና ካፉር ሁልጊዜ ዝግጁ ነበር። ገንዘብ ተቀብለው አያውቁም። ቡና እንኳ ሳይጠጡ የተመለሱባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤት ስትሞት የሚያጥቡት ተሰበሰቡ። እሜቴ ዙሪያቸውን ሲያዩ ሁሉም ከስድሳ በላይ ናቸው። አንዷ ወገቧን ያማታል፣ አንዷ ዓይኗ ደክሟል። ቤት ሲመለሱ ምሳ አልበሉም። ማታ ሁለቱን ሴት የልጅ ልጆቻቸውን ጠሩ። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አንዷ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። «እኛ ስናልፍ ይህን ሰፈር ማን ያጥበዋል? ኑ፣ ተማሩ» አሉ። ተማሪዋ «እሜቴ፣ እኔ ሬሳ እፈራለሁ» አለች። እሳቸውም «ትናንት ቡና ያጠጣችሽን ሴት ዛሬ ምን አድርጋሽ ትፈሪያታለሽ?» ብለው መለሱላት።

ትምህርቱ የተሰጠው በተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ስትሞት ለእናታችን ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) እና አብረዋት ለነበሩት ሴቶች ያስተማሩትን፣ እሜቴ ደግሞ ከቀደሟቸው ሴቶች የተማሩትን፣ አንድ በአንድ አሳዩዋቸው። ሰውነቷ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ማንም አፍጥጦ አያይም። በቀኝ በኩልና በውዱእ ቦታዎች ይጀመራል። ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ካስፈለገ አምስት ወይም ከዚያ በላይ፣ ግን ጎዶሎ ቁጥር ይሁን። ውሃው በቁርቁራ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ካፉር ይገባበታል። ፀጉሯ ሦስት ቦታ ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ይለቀቃል። ለሴት ከፈን ብዙ ዑለሞች የሚመርጡት አምስት ጨርቅ ነው። ውሃው አይፋጅ፣ አይቀዝቅዝ። እጅ ለስላሳ ይሁን። በመጨረሻም ከሁሉ ያጠበቁት ነገር፣ «እዚያ ያያችሁትን እዚያው ቅበሩት። መልካም ካያችሁ ተናገሩ፤ ሌላ ካያችሁ ዓይናችሁ አላየም» የሚለው ነበር።

ሁለቱ ልጆች ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር ስድስት ጊዜ ወጥተዋል። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዋ ውሃ ብቻ አቀበለች። በሦስተኛው እጇን አስገባች። በስድስተኛው እሜቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ብቻ መሩ።

ሰባተኛዋ ራሳቸው ሆኑ።

የዚያን ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶበት «አጣቢ ማን ይጠራ?» ሲባል ሁለቱ ልጆች ከትልቋ አክስታችን ጋር ተነስተው ገቡ። እኛ ውጭ ሆነን የውሃ ድምፅ ብቻ እንሰማ ነበር። ከረጢቱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሜቴ ራሳቸው አዘጋጅተውት። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠየቅናቸው። ተማሪዋ የነገረችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፊታቸው አምሮ ነበር፤ ፀጉራቸውን ሦስት ቦታ ጎነጎንኩላቸው።» ሌላ አልነገረችንም። አልጠየቅናትምም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጀናዛ ማጠብ ፈርድ ኪፋያ ነው። የተወሰኑ ሰዎች ከተወጡት ከሌላው ላይ ይነሳል፤ ማንም ካልተወጣው ሁሉም ይጠየቃል። ከተማ ውስጥ ይህን ሥራ የያዙት አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያን ናቸው። በሰፈራችሁ የሚያጥቡትን እናቶችና አባቶች ዕድሜ እስቲ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ቀን ሂዱና «አስተምሩን» በሏቸው። እናትን በማይታወቅ እጅ ከማሳጠብና ራስ ከማጠብ የቱ እንደሚሻል፣ እኛ ቤት የሆነውን አይተን መልሱን አውቀነዋል።

እሜቴ በሕይወት ሳሉ «ስሞት የሚጮህብኝ፣ ደረት የሚመታብኝ ሐላል አላልኩም» ብለው ነበር። ዕንባን አልከለከሉም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። የከለከሉት ሙሾና ጩኸትን ነው። ሌላም አሉ፦ «ለቀስተኛ ለማብላት ብላችሁ እንዳትበደሩ።» ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በሙዕታ ዘመቻ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራላቸው ለሌሎች ነገሩ፤ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ነገር ገጥሞታልና። እኚህ ጃዕፈር በአገራችን ንጉሥ ፊት ቆመው ስለ ኢስላም የተናገሩት ናቸው። ቅሬያችንም ይህንኑ አደረገ። ሦስት ቀን ሙሉ በቤታችን እሳት አልነደደም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መሶብ ተሸክሞ መጣ።

ጅዳ ያለችው የአክስታችን ልጅ ለቀብር አልደረሰችም። በሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ አላገኘችም። እሜቴ ለሷ በኢሞ ድምፅ ይልኩላት ነበር። ቁልፉን ለቀቅ ማድረግ ስለሚረሱ ድምፁ ረጅም ነው፤ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ከሰል ሲያራግቡ፣ ዶሮ ሲያባርሩ፣ «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ይሰማል። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያግራልሽ» የሚለው በሁሉም ውስጥ አለ። እሷ አንዱንም አላጠፋችም። የሥራ ቤቷ ሰዎች መካ ይዘዋት ሲሄዱ በመጀመሪያ ለራሷ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእሜቴ ነይታ ዑምራ አደረገች። «ሩቅ ሆኜ ያደረግኩት ከሁላችሁ አይተናነስም» ብላ ስትልክልን እውነቷን ነው አልን።

ውርስን በተመለከተ አጠር እናድርገው፤ ግን መዝለል አንችልም፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። በብዙ ቦታ ሴቶች ልጆች «ለወንድሞቼ ትቻለሁ» እንዲሉ ይጠበቃል። እሜቴ ይህን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በሱረቱ ኒሳእ አላህ ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ንብረቱ ቢያንስም ቢበዛም፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። እሜቴ ወንዶች ልጆቻቸውን ሰብስበው ያሉት ይህን ነው፦ «መጀመሪያ ድርሻቸውን እጃቸው ላይ አስገቡ። ከዚያ መስጠት ከፈለጉ እነሱ ይወቁ። እጇ ላይ ያልገባን እንዴት ሰጠች ይባላል?» እንዲሁም ሆነ። ዕዳ ተከፈለ፣ ኑዛዜው ከሲሶ ሳያልፍ ተፈጸመ፣ የቀረውን ቃዲ ደለደለው። አክስቶቻችን ድርሻቸውን ተቀበሉ። ዛሬም ሁሉም በአንድ ገበታ ያፈጥራል።

ኑዛዜያቸው ትንሽ ነበረች፤ ትንሹ ኡስታዝ ለሚማርበት መድረሳ የውሃ ሮቶ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው ስትሞት ስለ ሶደቃ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ለእናታቸው ውሃ ማውጣታቸውን ሰምተው ነበርና። ሮቶው ተተክሏል። ልጆቹ ውዱእ ያደርጉበታል፣ ውሃም ይረጫጩበታል። መረጫጨታቸውን እሜቴ ቢያዩ ይቆጡ ነበር።

እኛም አንድ ነገር ጨመርን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከሞቱ በኋላ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቻቸው ይልኩ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ደግሞ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) ሐበሻዊቷን እናት ኡሙ አይመንን ሄደው ይዘይሩ ነበር፤ ረሱል ይዘይሯት ስለነበር። እኛም የእሜቴን የቡና ጓደኞች ተከፋፍለናቸዋል። አምስት ናቸው። በየጁምዓው ለየአንዳቸው አንድ ሰው ይሄዳል። አንዷ ጆሯቸው አይሰማም፣ አንዷ ስማችንን ይቀላቅላሉ። ግን እያንዳንዳቸው እኛ የማናውቀው አንድ የእሜቴ ወሬ አላቸው። ባለፈው ጁምዓ የሰማነው እሜቴ በልጅነታቸው ዛፍ ላይ ይወጡ እንደነበር ነው!

አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ቅርብ ያላችሁ ሂዱና ተቀመጡ፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ጠይቁ። ምን ያውቃሉ? ማን ያጠቡት፣ ማን ያሳደጉት፣ ምን የተበደሩት አለ? አያት የሌላችሁ ደግሞ የአያታችሁን ጓደኛ ፈልጉ።

አላህ ሆይ! እሜቴን ማራቸው፣ ቀብራቸውን አስፋው፣ ኑርም አድርገው። ያጠቡዋቸውን ሴቶች ሁሉ በጀነት አገናኛቸው። የኛንም የናንተንም ሙታን ማራቸው፤ በሕይወት ያሉ አያቶቻችንን በዓፊያ አቆያቸው፤ እኛንም የሚጠቅም ዕውቀት ወራሾች አድርገን።

አሚን በሉን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።